«ምን ሆኖ ነው ግን?» ሲሉኝ ምን ልበል?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዛሬ ሰባት ወር ታናሽ ወንድሜ ራሱን አጠፋ። 29 ዓመቱ ነበር። ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ «በድንገት ልቡ ቆሞ ነው» አልን። አዲስ አበባ ላለችው እናታችንም መርዶው የተነገራት እንደዚያው ነው። ፍትሐት ተደረገለት፣ አስከሬኑም አገሩ ገባ። እውነቱን የምናውቀው እኔ፣ ባለቤቴና አንድ የአጎቴ ልጅ ብቻ ነን።

የዚያን ዕለት ማታ ደውሎልኝ ነበር። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የማታ ሺፍት ላይ ነበርኩ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። «እሺ እህቴ» አለኝ። በቃ። ያቺን ቃል ሳነብ አድራለሁ። ድምፁ ስላለበት ስልኩን እስካሁን በየወሩ እከፍላለሁ። ባለቤቴ «እርሺው እንጂ፣ እስከ መቼ?» ይለኛል። የ9 ዓመት ልጄ «አጎቴ ልቡን ሲያመው ለምን ለዶክተር አልነገረም?» ብሎ ጠየቀኝ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ምን ሆኖ ነው ግን?» ይላል፤ እዋሻለሁ። ለማን ልንገር? የት ልሂድ? ፍትሐቱስ በውሸት የተገኘ አይደለም? እማዬንስ እስከ መቼ ልዋሻት?

ዝምታው የከበደኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የወንድምሽንም ነፍስ ይማር።

ይህን ቃል ሰባት ወር ሙሉ ስትሰሚው እንደከረምሽ አውቃለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ያጽናናው ወንድሟ በልብ ሕመም የሞተባትን ሴት ነው። አንቺን ገና ማንም ለቅሶ አልደረሰሽም። እንዲህ ያደከመሽም ይኸው ይመስለኛል።

እኛ ለሐዘን ያለን ሥርዓት ጠንካራ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እያለ ሐዘንተኛውን ቀስ በቀስ ያወጣዋል። እናንተ ዘንድም ሶፋው ተነሥቶ ወንበር ተደርድሯል፣ ምግብ በፎይል ትሪ መጥቷል፣ ሰዉ ከሥራ መልስ ከቨርጂኒያ ድረስ ተንጋግቶ መጥቷል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ስለ ሟቹ እንደ ልብ ማውራት ሲቻል ነው። «እንዴት ሞተ?» የሚለው ከተቆለፈ ሌላውም አብሮ ይቆለፋል። ስለ ሳቁ ልታወሪ ትጀምሪና «ይጠይቁኝ ይሆን?» ብለሽ አፍሽን ትዘጊያለሽ።

ስለዚህ የምመክርሽ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው። እውነቱን የሚያውቀው ሰው ቁጥር ትንሽ ይጨምር። አገር ይወቀው አላልኩም። ሦስት የነበረው አምስት፣ ስድስት ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤተሰቡን በዚህ ሁኔታ ያጣ ሰው ራሱም የመሞት ሐሳብ ሊመጣበት ይችላል፤ ከሌላው ሐዘንተኛ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ መሆኑ የታወቀ ነው። አንቺስ? «ብከተለው» የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብሽ ያውቃል? ካለ ዛሬውኑ 988 ደውዪ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ፣ ሌት ተቀን የማይዘጋ የነጻ መስመር ነው። ስልክ ከደወልሽ «አማርኛ» ብለሽ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ፤ በጽሑፍ ከሆነ ግን የሚመልሱት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። የግድ ለመሞት ማሰብም አይጠበቅብሽም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልእክቱን እያነበብሽ ትንፋሽ ሲያጥርሽም መደወል ይቻላል። ይህን የምታነቡ ሌሎችም፣ እስራኤል ያላችሁ 1201፣ እንግሊዝ ያላችሁ 116 123፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል አለላችሁ።

አሁን ወደ «እሺ እህቴ» ልመለስ።

«ብታነሺውም ምንም አይለወጥም ነበር» ልልሽ አልፈልግም። ማንም ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ውሸት ደግሞ ሰልችቶሻል። የማውቀውን ልንገርሽ። የዚያን ዕለት ማታ በእጅሽ የነበረው አንድ ያልተነሣ የወንድም ስልክ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ማታ ደውሎልሽ፣ ስንቴ «ነገ» ብለሽው፣ በማግስቱ ስለ ኳስና ስለ ቤት ኪራይ አውርታችኋል? ዛሬ የምታውቂውን ይዘሽ የዚያን ማታዋን ሴት ትከሻታለሽ። እሷ ግን የምታውቀው ነገር አልነበረም። የሰው ልጅ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው በአንድ ምሽትና በአንድ ምክንያት አይደለም። ድብርቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ብቸኝነቱ፣ «ለሰው ሸክም ሆኛለሁ» የሚለው ሐሳብ ወራት እየተደራረበ ይመጣና አእምሮን ያጠብበዋል። ያን ጊዜ ሌላ መውጫ አይታይም። ብዙዎች ደግሞ ይህን ሁሉ ከሚወዱት ሰው ይደብቃሉ፤ የሚደብቁትም ስለሚወዱት ነው። ወንድምሽን የወሰደው ሕመሙ ነው። ስልክ አለማንሳት ሰው አይገድልም።

ደግሞ ልትናደጂበት ትችያለሽ። በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም፤ ግን «እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ?» የሚል ነገር ውስጥሽ ቢኖር አይግረምሽ። የሚወዱትን ሰው መቆጣት ኃጢአት አይደለም።

ስልኩን መክፈልሽ እብደት አይደለም፤ ባለቤትሽ ይህን ይስማ። ግን የስልክ ድርጅት ላይ አትተማመኚ። አካውንቱ በሆነ ምክንያት ከተዘጋ ድምፁ አብሮ ይጠፋል። በዚህ ሳምንት የአጎትሽ ልጅ ድምፁን ወደ ኮምፒውተርና ወደ ሌላ ስልክ ይገልብጥልሽ። መልእክቶቹንም ፎቶ አንስቶ እሱ ዘንድ ያስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ብትከፍይም ባትከፍይም የአንቺ ጉዳይ ነው። ሌሊት ላይ ግን ስልኩ መኝታ ቤት አይደር። ማጥፋት የለብሽም፤ ከእጅሽ ትንሽ ራቅ ይበል እንጂ።

ለማን ልንገር አልሽ። በጣም ለምትቀርቢው ሰው ነው እንዳትዪ። የምትመርጪው ወሬ የማያወጣውን ነው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይሆኑም። መለያው ቀላል ነው። የሌላ ሰው ገበና ሲነሣ ምን ትላለች? ስለ እከሌ ልጅ ሱሰኝነት፣ ስለ እከሊት ፍቺ «ሰማሽ?» ብላ የነገረችሽ ጓደኛ የአንቺንም «እንዳትናገሪ» እያለች ትናገራለች። ዝም ያለችውን ምረጪ። ስትነግሪያትም አስቀድመሽ ልኩን አስምሪ። «የምነግርሽ ነገር አለ። ምክር አልፈልግም። ስሚኝ ብቻ፤ ከአንቺም እንዳያልፍ» በያት። ከዚያ ሥራ ስጫት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ጋር በእግር መሄድ፣ ወይም ሌሊት መልእክት ስትልኪላት ጠዋት መመለስ። ሰው መርዳት ይፈልጋል፤ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ነው «አይዞሽ፣ በርቺ» ብሎ የሚሮጠው።

ለሌላውስ? «ምን ሆኖ ነው ግን?» ለሚለው ሰው የእውነቱን ግማሽ መንገር ይቻላል። «የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ አልተረፈልንም። ከዚህ በላይ ማውራት አልችልም፣ ይቅርታ።» መስታወት ፊት ቆመሽ ደጋግመሽ በዪው። ከዚህ በኋላ የሚጨቀጭቅ ሰው ካለ ነውሩ የእሱ ነው፤ «ቡና ልጨምርልህ?» ብለሽ ተነሺ። ይህ ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ባይናገርም ውሸት የለበትም። «ምን ብዬ ነበር ለእሷ?» እያልሽ የምታሰላስይውን ያስቀርልሻል።

አሁን ደግሞ የት ልሂድ ላልሽው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሞት ቤተሰባቸውን ያጡ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉባቸው ቡድኖች ብዙ ናቸው። የአሜሪካ ራስን ማጥፋት መከላከያ ፋውንዴሽን፣ በምህጻሩ ኤኤፍኤስፒ፣ በየአካባቢው ያሉትን ድረ ገጹ ላይ ዘርዝሯቸዋል፤ በኢንተርኔት የሚካሄዱም አሉ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ስምሽን፣ ከፈለግሽም ያጣሽው ሰው ማን እንደሆነ ትናገሪያለሽ። መናገር ካልፈለግሽ «ዛሬ ልስማ» ትያለሽ፤ ማንም አያስገድድሽም። አጠገብሽ ልጇን ካጣች ሦስት ዓመት የሆናት እናት ትኖራለች። ቆማ መሄዷን፣ ሥራ መዋሏን፣ አልፎ ተርፎ መሳቋን ታያለሽ። ከማንኛውም ምክር ይልቅ እሱን ማየት ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን ግን ሊከብድ ይችላል፤ የሌላው ታሪክ የአንቺን ይቀሰቅሳል። አንድ ቀን ሄደሽ «ለእኔ አይሆንም» አትበዪ። ሁለት ሦስቴ ሞክሪው፤ ያኔም ካልሆነልሽ ተዪው።

ሰው ፊት መሄዱ ካስፈራሽ ይኸው ፋውንዴሽን «ሂሊንግ ኮንቨርሴሽንስ» የሚለው አገልግሎት አለው። እነሱም በዚህ መንገድ ሰው ያጡ በጎ ፈቃደኞች በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በአካል ያነጋግሩሻል። ክፍያ የለውም። ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ደግሞ በየዓመቱ እነዚህ ቤተሰቦች በየከተማው የሚሰባሰቡበት ቀን አለ። ይህን ቀን ያስወሰነው የኔቫዳው ሴናተር ሃሪ ሪድ ነበር፣ በ1999 እ.ኤ.አ.። አባቱ በ1972 እ.ኤ.አ. ራሱን አጥፍቷል። እሱም ለብዙ ዓመታት በአደባባይ ትንፍሽ አላለም ነበር። የአሜሪካ ሴናተር ሆኖ እንኳ ያፈረበት ነገር ነው፤ አንቺ ሰባት ወር ዝም ብትዪ ምን ይደንቃል?

አንድ ችግር አለ፣ አልደብቅሽም። እንዲህ ያለውን ሐዘን በእንግሊዝኛ ማውራት ያደክማል። «አንጀቴ ተቃጠለ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ለዚህ ብቻሽን ከባለሙያ ጋር መነጋገሩ ይረዳሻል። መጀመሪያ አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት ፈልጊ፤ አንቺ አካባቢ እንደ ሌላው ስቴት ብርቅ አይደለም። ከታጣ ደግሞ ይህን እወቂ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅሽን ወይም ዘመድሽን ይዘሽ ሄደሽ አታስተርጉሚ። «አስተርጓሚውስ የሰፈሬ ሰው ቢሆንስ?» ትዪ ይሆናል፤ ሁላችንም የምንፈራው እሱን ነው። የስልክ አስተርጓሚ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለበት። ዲሲ መመላለስ ከቻልሽ ዌንት ሴንተር የሚባል በሐዘን ላይ የሚሠራ ተቋም አለ። መሥሪያ ቤትሽንም ጠይቂ። ብዙ ቀጣሪዎች ለሠራተኛ ጥቂት የነጻ የምክር ቀጠሮዎች አሏቸው፤ ሠራተኛው ስለማያውቅ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ወደ ፍትሐቱ። ካህን አይደለሁምና ፍርድ አልሰጥም። ቤተ ክርስቲያን አውቆ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማታደርግ ታውቂያለሽ፤ ያስፈራሽም ይኸው ነው። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ከተገኙት አባቶች አንዱ የነበሩት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አባ ጢሞቴዎስ ይህንኑ ተጠይቀው ነበር። አእምሮውን ስቶ ራሱን ለገደለ ሰው መሥዋዕት ይቅረብለት ወይ? እሳቸውም በሩን አልዘጉም። ካህኑ በጥንቃቄ ይመርምር፣ ሰውየው በእርግጥ አእምሮውን ስቶ እንደነበር ይለይ አሉ። ዘመዶች ጸሎቱን ለማግኘት ብለው ሊዋሹ እንደሚችሉም ጨምረው ተናግረዋል። ከ1600 ዓመት በፊት! እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና ሁሉንም ንገሪያቸው። እንቅልፍ ማጣቱን፣ ከሰው መራቁን፣ ሐኪም አይቶት ከነበረም እሱን ጨምሪ፤ የሚመረመረው ነገር ይህ ነውና። የምትነግሪያቸውም በንስሐ ነው፤ ከእሳቸው አይወጣም። ምናልባት አንድ አባት ቢቆጡሽ ተስፋ ቆርጠሽ አትመለሺ። ሕመምተኛ ያስታመሙ፣ ብዙ ያዩ አባት አሉ፤ ፈልጊያቸው።

ልጅሽ ጎበዝ ነው። ያቀረበው ጥያቄ ትክክል ነው፤ የነገራችሁት ታሪክ አልገጠመለትም። ልጆች በለቅሶ ቤት ከወንበር ሥር ተቀምጠው የሚሰሙት ብዙ ነው፤ የጎደለውን ደግሞ በራሳቸው ይሞሉታል፣ አንዳንዴም «በእኔ ምክንያት ነው» ብለው። ይህን ብትዪው ይበቃዋል፤ «አጎትህ የታመመው ልቡን አልነበረም። አእምሮው በጣም ታሞ ነበር። ሕመሙ ጸንቶበት ራሱን አጠፋ። አንተም እኔም ያደረግነው ነገር የለም። ፈልገህ በጠየቅከኝ ጊዜ ሁሉ እመልስልሃለሁ።» እንዴት እንዳደረገው መዘርዘር አያስፈልግም። «እንቅልፍ ወሰደው» አትበዪው፤ መተኛት ይፈራል። «ለአያትህ እኔ ራሴ እስክነግራት አንተ አትንገራት» ማለት ትችያለሽ፤ ግን ያንን ሸክም ለረጅም ጊዜ አታሸክሚው።

ባለቤትሽ «እርሺው» ሲልሽ ጨክኖ አይመስለኝም። ሚስቱ ስትሟሟ እያየ የሚያደርገው የጠፋው ሰው ነው። «መርሳት አልችልም፤ ግን ማክሰኞ ማታ ልጁን ያዝልኝ፣ ቡድኑ ጋ ልሂድ» በዪው። ወንዶች የሚያዝ ነገር ሲሰጣቸው ይሻላቸዋል።

የመጨረሻው እናትሽ ናት። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት አንቺም በዚህ ቅደም ተከተል እንድትሄጂ ስለምፈልግ ነው። አንቺ የምትደገፊበት ሰው ሳይኖርሽ እሷን መደገፍ አትችይም። አሁን አትንገሪያት። ግን ለዘላለም አልነግራትም ብለሽም አትወስኚ። ምስጢሩ ሦስት ሰው እጅ ላይ ነው ብለሻል። አስከሬኑን ለመላክ ገንዘብ ያሰባሰቡት፣ ወረቀቱን ያዩት፣ የወንድምሽ ጓደኞች አንዳች ነገር አይጠረጥሩም? አንድ ቀን ከባዳ አፍ ከምትሰማው ከልጇ አፍ ብትሰማው ይሻላል። ደግሞ እናት ናት። ምናልባት ጠርጥራ፣ አንቺን እንዳታስጨንቅ ብላ ዝም ብላም ሊሆን ይችላል።

በስልክ ግን በፍጹም። አባቶቻችን መርዶ የሚነግሩበት ሥርዓት በምክንያት ነው። በማለዳ፣ ቀኑ ሙሉ ከፊት እያለ፣ ሐዘንተኛው ሳይወጣ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ይነገራል። እንደዚያው አድርጊው። ለሙት ዓመቱ አገር ቤት ከሄድሽ ከተዝካሩ በፊት አትንገሪያት፤ ቤቱ በሰው ተሞልቶ እያለ አይሆንም። ሰው ከተበተነ በኋላ፣ የንስሐ አባቷና የምትወዳት እህቷ ባሉበት፣ በጠዋት ይሁን። የደም ግፊት መድኃኒት ካላት ውጣ ይሁን። አጭር አድርገሽ ንገሪያት፤ ታሞ እንደነበር፣ ሕመሙ ምን እንዳደረገው፣ የደበቅሽው ስለምትወጃት እንደሆነ። ብትጮህብሽ፣ «ዋሸሽኝ» ብትልሽ ችለሽ ተቀመጪ። እንቅልፍ ካጣች ወይም መብላት ካቆመች አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፤ ዘውዲቱና ጳውሎስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የመመለሻ ትኬትሽን ደግሞ አርቀሽ ቁረጪ። ነግረሻት በማግስቱ አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ።